የቋጠሮ ጥበብ በዶቃ ጌጥ ታሪክ

ዶቃ ሲወደስ ክር አይነሣም። በአንገት ላይ የተደረደረ ጌጥ ሲታይ የተመልካች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በቀለሙና በብልጭታው ላይ ነው፤ ፍሬዎቹን አንድ አድርጎ የያዘውን ክር፣ ክሩንም ያሰረውን ቋጠሮ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ሆኖም ሺህ ዶቃ በእፍኝ ቢያዝ ሺህ ፍሬ እንጂ አንድ ጌጥ አይሆንም። ጌጥ የሚሆነው የሰው እጅ በክር ሰክቶ መጨረሻውን በቋጠሮ ሲዘጋው ነው። ስለዚህ የዶቃ ጌጥ ታሪክ የሁለት ነገሮች ታሪክ ነው፤ አንደኛው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው የዶቃው ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው በስብሶ አፈር የሆነው የክሩና የቋጠሮው ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ሳይጻፍ የቀረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ድንጋይ፣ መስተዋትና ብር ዘመናትን ይሻገራሉ፤ ጥጥ፣ ጅማትና የጭራ ፀጉር ግን ይበሰብሳሉ። ከዚህም ሌላ ዶቃ የነጋዴ ሸቀጥ በመሆኑ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ቋጠሮ ግን ለብቻው ስለማይሸጥና ስለማይቀረጥ የመዘገበው ጸሐፊ የለም። በዚህም የተነሣ ዶቃው ከየት እንደመጣ ሲታወቅ፣ ዶቃውን ጌጥ ያደረገችው እጅ ስም የለሽ ሆና ቀርታለች።

ይሁን እንጂ የጠፋው ክር አንዳንድ ጊዜ ምስክሩን በዶቃው ላይ ትቶ ይሄዳል። በደቡብ አፍሪካ በብሎምቦስ ዋሻ የተገኙት ወደ 75000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የተበሱ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ለዚህ ታላቅ ማስረጃ ናቸው። ተመራማሪዎች ቅርፊቶቹ በክርና እርስ በርስ በመፋተግ የተላጡበትን ቦታ መርምረው፣ በተመሳሳይ አዲስ ቅርፊቶች ላይ ሙከራ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አሳትመዋል። እንደ ጥናቱ፣ በቀደመው የአፈር ንብርብር የተገኙት በክር ላይ ልቅ ሆነው፣ አብረቅራቂ ገጻቸውን እርስ በርስ አጋጥመው ተሰክተው ነበር። በኋለኛው ንብርብር የተገኙት ግን ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አብረቅራቂ ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ ተቋጥረው ነበር። ዶቃው ያው ነው፤ የተለወጠው አሰካኩ ነው። ከሁሉ የቀደመው የጌጥ ለውጥ ምስክር ሆኖ የሚቆመው እንግዲህ የቋጠሮ ለውጥ ነው።

በአገራችንም በድሬዳዋ አጠገብ በሚገኘው በፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ400 በላይ የሆኑ፣ መካከላቸው የተበሳ የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳኖች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከ30 ሺህ ዓመት የሚበልጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቱን ያሳተሙት ምሁራን ለዶቃነት አገልግለው ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ክሩ የለም፤ ቀዳዳው ግን ክርን ይጠራል። ክር ራሱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ነው። በፈረንሣይ አገር በአብሪ ዱ ማራ በአንድ የድንጋይ መሣሪያ ላይ ተጣብቆ የተገኘው ከዛፍ ልጥ የተገመደ ቁራጭ ርዝመቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ፈትል ሆኖ የተገመደና ከ40 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የኒያንደርታል ሰው ሥራ ነው።

ከዋሻ ዘመን ወደ ንግድ ዘመን ሲመጣ የዶቃው ታሪክ በጽሑፍ መገኘት ይጀምራል። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስተዋት ፈርጦችን፣ ለጌጥ የሚሆን ናስንና ለአምባርና ለአልቦ የሚሆን መዳብን ይዘረዝራል። ከአዱሊስ የሚወጣው ደግሞ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ድንጋይና የአውራሪስ ቀንድ ነበር። ፈርጡ ከባሕር ማዶ መጣ ተብሎ ተጽፏል፤ በአክሱም ምድር በምን ክር እንደተሰካ ግን መምሪያው አንድም ቃል አይናገርም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የዶቃ ንግድ ማዕከል ቬኒስ ሆነች። የከተማይቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የመስተዋት ምድጃዎችን ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲዛወሩ አደረገ፤ ከዚያም የወጣው ዶቃ ከጊዜ በኋላ አፍሪካን፣ እስያንና አሜሪካን አዳረሰ። የምድጃው ጌቶች ስም በታሪክ ሲወሳ፣ ዶቃውን ለገበያ በክር እየሰኩ በጥቅል የሚያስሩት ድሆች ሴቶች ግን እምብዛም አልተወሱም። እነዚህ በአገሬው ቋንቋ ኢምፒራሬሴ የሚባሉት ሴቶች በጉልበታቸው ላይ የእንጨት ገበታ አኑረው፣ በእጃቸው ብዙ ረጃጅም መርፌዎችን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው ይዘው፣ በዶቃው ክምር ውስጥ እየነከሩ ሲሰኩ ይውሉ ነበር። ክፍያቸው ዝቅተኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1904 ሥራ አቁመው መብታቸውን ጠይቀዋል። የመስተዋት ዶቃ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ የእነርሱ ድካም ከምድጃው ጥበብ የማይለይ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጨሌም ቢሆን ከገበያ ወደ አንገት የሚያልፈው በእጅ ሥራ ነው። ዶቃው የባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል፤ ክሩ ግን ለረጅም ዘመን የአገር ቤት ፍሬ ነበር። እናት በእንዝርት የፈተለችው ጥጥ፣ ከታረደ ከብት የወጣ ጅማት፣ የጭራ ፀጉርና ቃጫ የዶቃን ሸክም ተሸክመዋል። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች የፍየል ቆዳ ልብሳቸውን በዶቃና በዛጎል ሲያስጌጡ፣ ስፌቱና ቋጠሮው ከዶቃው ባላነሰ ጥበብን ይጠይቃል።

የዚህ ጥበብ መሠረት ጥቂት ቋጠሮዎች ናቸው። የመጀመሪያው ክርን አዙሮ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ በማሳለፍ የሚሠራው ነጠላ ቋጠሮ ነው። ይህ በየዶቃው መካከል ሲገባ ፍሬዎቹ እንዳይፋተጉ ያደርጋል፤ ክሩም ቢበጠስ አንድ ፍሬ ይወድቅ ይሆናል እንጂ ሁሉም አይበተንም። ሠሪዋ ቀለበቱን ሳታጠብቅ መርፌ ትከትበታለች፤ በመርፌው እየገፋች እስከ ዶቃው አፍ ካደረሰችው በኋላ መርፌውን አውጥታ ታጠብቀዋለች። ሁለተኛው ሁለት ጫፎችን የሚያገናኘው ድርብ ቋጠሮ ነው። መጀመሪያ ቀኙ በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራው በቀኙ ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱም ጊዜ ቀኙ በግራው ላይ ከዋለ ግን የታሰረ መስሎ ውሎ አድሮ ይንሸራተታል። ሦስተኛው እጥፍ ክርን በፈርጥ ወይም በመስቀል ቀዳዳ አሳልፎ፣ ሁለቱን ጫፎች በእጥፉ ውስጥ በመሳብ የሚሠራው ማንጠልጠያ ነው። አራተኛው እያንዳንዱ ጫፍ በሌላው ክር ላይ የሚቋጠርበት፣ ጌጡን ለማስፋትና ለማጥበብ የሚያስችለው ተንሸራታች ቋጠሮ ነው።

ቋጠሮ ከጌጥነትም አልፎ የእምነትና የቃል ማሰሪያ ሆኗል። ክርስቲያኑ በአንገቱ ማተብ ያስራል፤ የጸሎት መቁጠሪያውም 41 ወይም 64 ፍሬ ይዞ ይዞራል። ሙስሊሙ ደግሞ 33 ወይም 99 ፍሬ ባለው ተስቢሕ ፈጣሪውን ያወድሳል። በሁለቱም እጅ የፍሬውን ቁጥር ከመጉደል የሚጠብቀው አንድ ቋጠሮ ነው። ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። ማተብ ያለው ሰው ታማኝ ነው፤ ማተቡን የበጠሰ ቃሉን የካደ ነው። ውል የክር መያዣ ነው፤ የሰዎችም ስምምነት ነው። ስንቅ ይቋጠራል፣ ቂም ይቋጠራል፣ ዛፍ ፍሬ ይቋጥራል፣ ገጣሚም ስንኝ ይቋጥራል። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ መያዝን፣ ማቆየትንና መፍጠርን በአንድ ግሥ የሰየመው ከእጁ ሥራ ተምሮ ነው።

ዛሬ በገበያው ላይ ናይሎንና ተለጣጭ ክር ጥጡን እየተካ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እጅ ሁልጊዜ ያገኘውን ይጠቀማል። ናይሎን ስለሚያንሸራትት ጫፉን በእሳት ማቅለጥ የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋት የሚሆነው የቀድሞው ዕውቀት ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። በስብስብ ውስጥ ያለ ጥንታዊ ጌጥ ክሩ ሲያረጅ፣ ዶቃው በአዲስ ክር ተሰክቶ አሮጌው ክር ከተጣለ የጌጡ እኩሌታ ተጣለ ማለት ነው። አሮጌው ክር ከመቆረጡ በፊት ስንት ፈትል እንደሆነ፣ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደተገመደ፣ ቋጠሮውም የት የት እንደዋለና እንዴት እንደታሰረ በሥዕልና በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። መምህር ተማሪዎቹን ወደ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ቢልክ፣ ሠዓሊም የእጃቸውን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ቢነድፍ፣ የብሎምቦስ ተመራማሪዎች ከቅርፊት ጭረት ለቅመው ያገኙትን ዕውቀት ከሕያው ሰው አንደበትና ጣት መቀበል ይቻላል።

ዶቃው ራሱን ይጠብቃል፤ ሺህ ዓመት በአፈር ውስጥ ቢተኛ ታጥቦ ይነሣል። ቋጠሮ ግን የሚቆየው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ብቻ ነው። ያቺ እጅ ሳታስተላልፈው ካረፈች፣ የሚቀረው በእፍኝ የተያዘ ፍሬ ነው።