ከቤት የሚሠራ ሰው በእርግጥ ይሠራል? የስድሳ ዓመት ክርክር

ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ቢሠራ ምርታማነቱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ጥያቄው ከኮሮና ወረርሽኝ ጋር የመጣ ይመስላል እንጂ ኢንተርኔት ከመኖሩ በፊትም ነበር። በተግባር ከፈተኑት ቀደምት ሰዎች አንዷ እንግሊዛዊቷ ስቴፋኒ ሸርሊ ናት።

ሸርሊ በ1939 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከናዚዎች እንዲያመልጡ ያለ ወላጅ ወደ እንግሊዝ ከተላኩት ሕፃናት አንዷ ነበረች። ያኔ የ5 ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ብትገባም ሴትነቷ የዕድገት እንቅፋት ሆነባት። በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል፣ በቤቷ የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የተባለ ኩባንያ መሠረተች። የምትፈልገው ልጅ ሲወልዱ ከሙያው የወጡ ሴቶችን ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች ወንዶቹ 3 ብቻ ነበሩ።

ሥራ ፈላጊዋ ከሚቀርቡላት ጥያቄዎች አንዱ ስልክ ታገኛለች ወይ የሚል ነበር። ኮምፒውተርማ ማንም ቤት አልነበረም። ሴቶቹ የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል በእርሳስ ወረቀት ላይ ይነድፋሉ፤ ኮዱን በእጃቸው ጽፈው ወደ መረጃ ማዕከል በፖስታ ይልኩታል። ማዕከሉ ሲደርስ ካርድ ወይም የወረቀት ጥቅል እየተበሳ ይመዘገባል፤ ስህተት እንዳይኖር ደግሞ ይኸው ሥራ ይደገማል። ኮምፒውተሩ የሚያገኘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ደንበኛን ማሳመን ሌላ ፈተና ነበር። በሴት ስም የተጻፈ ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ሸርሊ «ስቲቭ» እያለች መፈረም ጀመረች። ልጅ ከወለደች በኋላ ደግሞ ስልክ ሲጮህ የታይፕ ድምፅ የተቀዳበትን ቴፕ ትከፍት ነበር፤ ከመስመሩ ማዶ ያለው ሰው የሚያስበው ሥራ የበዛበት ቢሮ እንደደወለ ነው። እንዲህ የሚሠሩት ሴቶች ግን የኮንኮርድ አውሮፕላንን የበረራ መቅረጫ፣ «ጥቁር ሣጥን» የሚባለውን፣ ፕሮግራም አዘጋጅተዋል። ያወጧቸውን የሶፍትዌር ሥራ መቆጣጠሪያ መመዘኛዎችም በኋላ ኔቶ ተቀብሏቸዋል። በ1975 በእንግሊዝ የፆታ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ፣ ለሴቶች የተቋቋመው ኩባንያ ለወንዶችም በሩን እንዲከፍት ተገደደ።

አሜሪካኖች ወደ ጉዳዩ የመጡት በሌላ በር ነው፤ በትራፊክ መጨናነቅ። በ1973 የቀድሞው የሮኬት መሐንዲስ ጃክ ኒልስ በሎስ አንጀለስ ሠራተኛውን ወደ ሥራው ከማመላለስ ሥራውን ወደ ሠራተኛው ማቅረብ እንደሚሻል በጥናት ለማሳየት ተነሳ። በ1979 የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም የ5 ሠራተኞቹን ቤት ከዋናው ኮምፒውተር ጋር አገናኘ። ከ4 ዓመት በኋላ ቁጥራቸው ወደ 2,000 ደረሰ፤ በ2009 ደግሞ ከሠራተኞቹ 40 በመቶው ቢሮ አልነበራቸውም። ይኸው ኩባንያ በ2017 በሺዎች የሚቆጠሩትን ወደ ቢሮ ተመለሱ አለ።

እስከ 2010 ድረስ የነበረው ሙግት በአብዛኛው በግምት ላይ የቆመ ነበር። የስታንፎርዱ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ግን ቻይና ውስጥ፣ ሲትሪፕ በተባለ የጉዞ ድርጅት የጥሪ ማዕከል፣ ጉዳዩን በሙከራ መረመሩት። በ2010 መጨረሻ ፈቃደኛ ከሆኑትና መስፈርቱን ካሟሉት 249 ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ተጋማሽ ቁጥር የሆኑት በሳምንት 4 ቀን ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ፤ የቀሩት ቢሮ ቆዩ። ከ9 ወር በኋላ ከቤት የሠሩት ሰዎች ሥራ በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው እረፍትና የሕመም ፈቃድ ስለቀነሰ፣ ቀሪው ደግሞ በደቂቃ የሚያስተናግዱት ጥሪ ስለጨመረ ነው። ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ። ያም ሆኖ ሙከራው አልቆ ምርጫው ለራሳቸው ሲሰጥ፣ ቤት ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ቢሮ መመለስ ፈለጉ። ብቸኝነቱ ከብዷቸው ነበር።

ወረርሽኙ የተለየ ውጤት አሳየ። በአንድ የእስያ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኩባንያ ከ10,000 በላይ ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሠራተኞቹ ቤት ከገቡ በኋላ የሥራ ሰዓታቸው ቢረዝምም ምርታማነታቸው ከ8 እስከ 19 በመቶ መውረዱን አገኘ። ስብሰባው በዝቶ፣ ሳይቋረጡ የሚሠሩበት ጊዜ አጥሮ ነበር። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ሥራውን ብቻውን ይጨርሳል፤ በቡድን ሶፍትዌር የሚገነባ ሰው ግን በየጊዜው ባልደረባውን ማማከር አለበት።

ብሉም በኋላ ትሪፕ ዶት ኮም ወደተባለው ወደዚያው የቻይና የጉዞ ድርጅት ተመልሶ በ1,612 ሠራተኞች ላይ ያደረገው ሙከራ በ2024 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ታትሟል። በሳምንት 2 ቀን ከቤት መሥራት የሠራተኞቹን የሥራ ምዘናም ሆነ የደረጃ ዕድገት አልቀነሰም፤ ሥራ የሚለቁት ግን በሲሶ ቀንሰዋል። ሥራ አስኪያጆቹ ከሙከራው በፊት ምርታማነት ይቀንሳል ብለው ነበር፤ ውጤቱን ሲያዩ ግን አሳባቸውን ለወጡ፤ ድርጅቱም አሠራሩን ለሠራተኞቹ ሁሉ ፈቀደ።