መጽሐፍ፣ አንባቢና ዋጋ፦ የዌልስን ቋንቋ ያቆዩ አራት ሰዎች

የዌልስ ታላላቅ ሰዎች ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ፣ ባለቅኔው ዲላን ቶማስና ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን ናቸው። ዓለም እነዚህን ሰዎች ያወቃቸው በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ሥራቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው አራት ሰዎች ግን የደከሙት ለዌልስ ቋንቋ፣ ማለትም ለዌልሽኛ ነው። እነርሱም ዊሊያም ሳልስበሪ፣ ዊሊያም ሞርጋን፣ ግሪፊዝ ጆንስና ቶማስ ቻርልስ ናቸው። የጽሑፉ ዓላማ የሕይወት ታሪካቸውን መዘርዘር አይደለም። አንድ ቋንቋ በጽሕፈት ጸንቶ እንዲቆይ ያደረገው ምን እንደሆነ በእነርሱ ሥራ አማካይነት ለመመርመር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1536 የወጣው ሕግ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ሲያዋህድ የፍርድ ቤት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ፤ እንግሊዝኛ የማይናገር ሰውም መንግሥታዊ ሹመት እንዳይዝ ከለከለ። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ግን ከዌልሽኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቅም ነበር። የሃይማኖት ተሐድሶው የቅዳሴውን ቋንቋ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዛውረውም የዌልስ ገበሬ ከአንድ የማይሰማው ቋንቋ ወደ ሌላ የማይሰማው ቋንቋ ተሸጋገረ እንጂ ያተረፈው ነገር አልነበረም። በ1563 ፓርላማው መጽሐፍ ቅዱስና የጸሎት መጽሐፍ እስከ 1567 ድረስ ወደ ዌልሽኛ እንዲተረጎሙ አዘዘ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕጉ የእንግሊዝኛው ቅጂም በየቤተ ክርስቲያኑ ከዌልሽኛው ጎን እንዲቀመጥ ማዘዙ ነው። የታሰበው ሕዝቡ ሁለቱን እያስተያየ እንግሊዝኛ እንዲማር ነበር። እንግሊዝኛን ለማስፋፋት የታሰበው መንገድ ኋላ ለዌልሽኛ ምሽግ ሆነ።

የመጀመሪያው ተርጓሚ ሳልስበሪ ነው። በ1567 የታተመው ሐዲስ ኪዳን በአብዛኛው የእርሱ ሥራ ሲሆን፣ ጳጳሱ ሪቻርድ ዴቪስና ቶማስ ሁዌት ጥቂቱን ክፍል ተርጉመዋል። ሳልስበሪ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ የጥንት ልሳናትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቋንቋውንም ያከብራል። ችግሩ የመነጨው ከዚሁ አክብሮት ይመስለኛል። የዌልሽኛን ክብር ለማሳየት ሲል ቃላቱን ሕዝቡ እንደሚጠራቸው ሳይሆን የላቲን ምንጫቸውን እንዲመስሉ አድርጎ ጻፋቸው። ለምሳሌ ቤተ ክርስቲያን በዌልሽኛ «ኤግሉይስ» ትባላለች፤ እርሱ ግን ወደ ላቲኑ «ኤክሌሲያ» የሚያስጠጋ አጻጻፍ መረጠ። ከዚህም በላይ በዌልሽኛ የቃል መነሻ ድምፅ ከፊቱ በሚመጣው ቃል ምክንያት ይለወጣል፤ አባት «ታድ» ሲባል፣ «አባቴ» ለማለት «ቨ ንሃድ» ይባላል። ሳልስበሪ የቃሉ ሥር እንዳይጠፋ በማሰብ በዚህ ዓይነቱ ቦታ ለውጡን ሳያሳይ ይጽፍ ነበር። አንባቢው ያየውን በልቡ እያስተካከለ እንዲያነብ ይጠበቅበታል ማለት ነው። ሊቅ ይህን ያደርጋል፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚያነብ የገጠር ቄስ ግን ይደናቀፋል። ሞሪስ ኪፊን የተባለ ጸሐፊ በ1595 የዚህን ትርጉም ቋንቋ የዌልሽኛ ተናጋሪ ጆሮ ሊታገሠው እንደማይችል ጽፏል። የአማርኛን የሞክሼ ሆሄያት ክርክር ለተከታተለ አንባቢ ጥያቄው እንግዳ አይሆንበትም፦ ጽሕፈት የቃሉን ዘር ይጠብቅ ወይስ የተናጋሪውን አንደበት ይከተል?

ለዚህ ጥያቄ ተግባራዊ መልስ የሰጠው ሞርጋን ነው። በ1545 አካባቢ ፔንማኽኖ በተባለ ደብር ተወልዶ በኬምብሪጅ ዕብራይስጥና ግሪክ የተማረው ይህ ቄስ በአንድ የገጠር ደብር እያገለገለ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ተረጎመ። የሳልስበሪን ሐዲስ ኪዳን ግን አልጣለውም። አብዛኛውን ንባብ እንዳለ ተቀብሎ አጻጻፉን ሕዝቡ እንደሚናገረው አስተካከለ። ቋንቋውንም ከአንድ አካባቢ ዘዬ አልወሰደም፤ ባለቅኔዎቹ ለዘመናት በጋራ ሲጠብቁት በኖሩት የግጥም ልሳን ላይ መሠረተው። በ1588 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ለንደን ውስጥ ሲታተም ሞርጋን ማተሚያውን ለመቆጣጠር አንድ ዓመት ያህል በዚያ ከተማ ተቀመጠ። በ1620 ሪቻርድ ፓሪና ዮሐንስ ዴቪስ ያረሙት ቅጂ መሠረቱ የእርሱ ሥራ ነው። ዴቪስም በ1621 የሰዋስው መጽሐፍ፣ በ1632 መዝገበ ቃላት አሳትሟል።

የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆሙና ዌልሽኛን ያዳነው ሞርጋን ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ድምዳሜ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በ1588 የታተመው መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን አትሮንስ የተዘጋጀ ትልቅና ውድ ጥራዝ ነበር። ሕዝቡ ይሰማዋል እንጂ አያነበውም። መደበኛ ቋንቋ ተገኘ፤ አንባቢ ግን ገና አልተገኘም።

አንባቢውን የፈጠረው የላንዳውሮር ደብር ቄስ ግሪፊዝ ጆንስ ነው። ጆንስ ከ1730ዎቹ ጀምሮ ያቋቋማቸው ተዘዋዋሪ ትምህርት ቤቶች አሠራራቸው ቀላል ነበር። መምህሩ የእርሻ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ወደ አንድ መንደር ይሄዳል፤ ሦስት ወር ያህል ማንበብ ብቻ ያስተምራል፤ ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ያልፋል። ቀን ሥራ የሚውሉ ጎልማሶች ማታ ይማራሉ። የትምህርቱ ቋንቋ ዌልሽኛ ነበር፤ ድኻውን አስቀድሞ እንግሊዝኛ ማስተማር ዕድሜውን ማባከን ነው ብሎ ጆንስ ይከራከር ነበር። በ1761 እስኪሞት ድረስ 3,325 ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ከ150,000 በላይ ተማሪዎች ተመዝግበዋል። ደጋፊው የነበረችው ብሪጅት ቤቫንም በ1779 እስክታርፍ ድረስ ሥራውን ቀጠለችበት።

አንባቢ ሲበዛ ደግሞ መጽሐፍ ጠፋ። በ1799 የታተመው 10,000 ቅጂ ፍላጎቱን ሳያረካ አለቀ። ሜሪ ጆንስ የተባለች ልጃገረድ ለዓመታት ባጠራቀመችው ገንዘብ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት በ1800 አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሯ ተጉዛ ባላ ከተማ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። የሄደችውም ወደ ሰባኪው ቶማስ ቻርልስ ነበር። ታሪኳ የሃይማኖት ጽናት ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ኖሯል፤ እኔ ግን የመጽሐፍ ዋጋና እጥረት ምስክር አድርጌ አነበዋለሁ። ቻርልስ በ1802 ይህንኑ እጥረት ለንደን ላይ ለተሰበሰቡ ሰዎች ሲያመለክት፣ ጆሴፍ ሂውዝ የተባለ ቄስ ለዌልስ የሚታሰበው ለዓለምስ ለምን አይታሰብም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከዚህ የተነሣ በ1804 የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተመሠረተ።

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪን ይህ ታሪክ በቀጥታ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቀው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ውስጥ፣ አስላን ደ ሸርቪል በተባለ የፈረንሳይ ቆንሲል ድጋፍ፣ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ የተረጎመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ጽሑፍ በ1820 የገዛው ይኸው ማኅበር ነበር። አራቱን ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳንን በ1829፣ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመ። እንግዲህ በአማርኛ የኅትመት ታሪክ መባቻ ላይ የዌልስ ገበሬዎች የንባብ ጥማት የራሱ ድርሻ አለው።

ይሁን እንጂ የአራቱ ሰዎች ሥራ ወሰን እንደነበረው መዘንጋት አይገባም። ዌልሽኛን የምስባክ፣ የመዝሙርና የቤት ውስጥ ንባብ ቋንቋ አደረጉት፤ የችሎትና የቢሮ ቋንቋ ሊያደርጉት ግን አልቻሉም። በ1847 ዌልሽኛ የማያውቁ ሦስት እንግሊዛውያን መርማሪዎች ባቀረቡት ዘገባ ቋንቋው ለሕዝቡ ኋላ መቅረት ምክንያት ተደርጎ ተወቀሰ። በ1901 ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዌልሽኛ ይናገር ነበር፤ በ2021 ቆጠራ ግን ቁጥሩ 17.8 በመቶ ሆኗል። የቴያትር ጸሐፊው ሶንደርስ ሉዊስ በ1962 በሬዲዮ ባቀረበው ንግግር ትግሉን ወደ መሥሪያ ቤቶች ያዞረው ይህን ክፍተት ስላየ ነው። ዌልሽኛ በዌልስ ሙሉ ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው በ2011 ነው።

ከዚህ በመነሣት የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። ሳልስበሪ ያለ ሞርጋን የማይነበብ መጽሐፍ ይዞ ይቀር ነበር፤ ሞርጋን ያለ ጆንስ አንባቢ አያገኝም፤ የጆንስ አንባቢዎችም ያለ ቻርልስ የሚያነቡት ይጎድላቸዋል። ስለዚህ የአንድን ትርጉም ታሪክ የሚያጠና ሰው በተርጓሚው ስምና በቃላት ምርጫው ብቻ ሊወሰን አይገባም። ማን አስተማረ፣ ማን አሳተመ፣ መጽሐፉስ በስንት ተሸጠ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።