ጨረቃ በሪዮ

ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 ከውጭ የሚገቡ ኮምፒውተሮችንና ፕሮግራሞችን አጥብቃ ስለገደበች፣ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሚያሻቸውን በገዛ እጃቸው ማበጀት ለምደው ነበር። ለነዳጅ ኩባንያው ለፔትሮብራስ ተሠርታ ሳትረከብ የቀረች ቋንቋ «ሶል» ትባል ነበር፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው። በ1993 ሮቤርቶ ኢየሩዛሊምስኪና ሁለት ባልደረቦቹ የወለዷት ተከታይዋ «ሉዋ» ተባለች፤ ጨረቃ። (ለካ መሐንዲሶችም ቅኔ ያውቃሉ!)

ሉዋ የታሰበችው ለእንግድነት ነው። አስተርጓሚዋ፣ በሲ ተጽፎ አስቀድሞ ወደ ማሽን ቋንቋ በተለወጠ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ያድራል፤ መሐንዲሱ ፈቃዱን በሉዋ ይጽፋል፣ ትልቁ ፕሮግራምም እንደ አዲስ ሳይሠራ ይታዘዛል። ከባድ ስሌት ሲገጥማት እርሷም በተራዋ ሲን ትጠራለች። የሁለቱ መገናኛ አንድ ቁልል ነው፤ አንዱ ያኖራል፣ ሌላው ያነሣል።

እኔን የባንክ ሠራተኛውን ያስታወሰኝ የገንዘብ ከፋዩን መስኮት ነው፤ ደንበኛው ካዝናው ዘንድ አይዘልቅም፣ ገንዘቡ ግን ይደርሰዋል።