ከፍተኛ ተሰጥኦ ላላቸው ሕጻናት የትምህርት ቤት ምርጫ

ከፍተኛ ተሰጥኦ ላላቸው ሕጻናት የትምህርት ቤት ምርጫ ማለት በእውቀት እኩዮቹን በብዙ ዓመት የቀደመ ልጅ የት፣ በስንተኛ ክፍልና ከማን ጋር ይማር የሚለውን መወሰን ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን የሚመድቡት በእድሜ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በሒሳብ የ11ኛ ክፍል፣ በንባብ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ጽሕፈትና በጨዋታ ግን እንደ ማንኛውም የ2ኛ ክፍል ልጅ ነው።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሌታ ሆሊንግወርዝ ካረፈች በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፏ፣ በተራ ክፍል ውስጥ የአይ.ኪው. ውጤቱ 140 የሆነ ልጅ ግማሽ ጊዜውን፣ ከ170 በላይ የሆነው ደግሞ ከሞላ ጎደል ጊዜውን ሁሉ እንደሚያባክን ገልጻለች። የተሰላቸ ልጅ ይረብሻል፣ ወይም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አስተማሪውም ሰነፍ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

== የቴሬንስ ታው ምሳሌ ==

በደንብ ከተመዘገቡት ታሪኮች አንዱ በ1975 እ.ኤ.አ. በአዴላይድ፣ አውስትራሊያ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታው ነው። ወላጆቹ 3 ዓመት ተኩል ሲሆነው አንድ የግል ትምህርት ቤት አስገቡት። ነገር ግን ሳይስማማው ስለቀረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስወጡት። ወደ መዋዕለ ሕጻናት ተመለሰ፤ ሒሳቡን በቤት ውስጥ በእናቱ እርዳታ ቀጠለ። በ5 ዓመቱ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ቤተሰቡ ይህን የመረጠው በስሙ ወይም በክፍያው ሳይሆን ርእሰ መምህሩ ለልጁ ሲሉ የጊዜ ሰሌዳ ለመቀየር ፈቃደኛ ስለነበሩ ነው።

ታው አንድ ክፍል ብቻ አልነበረውም። እያንዳንዱን ትምህርት በየደረጃው ከሚገኝ ክፍል ጋር ይማር ነበር። በ7 ዓመቱ ከቀኑ ከፊሉን በሁለተኛ ደረጃ፣ ከፊሉን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሳለፈ። በ9 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጀመረ፤ ሆኖም ሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ14 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ዲግሪውን ለማፋጠን አልቸኮሉም። በ1988 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የፊልድስ ሜዳሊያ አገኘ።

በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ ከእርሱ ጋር የሚነጻጸረው በ1909 እ.ኤ.አ. በ11 ዓመቱ ሃርቫርድ የገባው ዊሊያም ጄምስ ሳይዲስ ነው። ሳይዲስ ሲያድግ ከሕዝብ እይታ ሸሽቶ ኖረ። ይህ ግን ፍጥነት ብቻውን ልጅን ይጎዳል ለማለት አይበቃም፤ ጋዜጦች ከልጅነቱ ጀምሮ ይከታተሉት ነበርና።

== በኢትዮጵያ ==

ክፍል መዝለል በኢትዮጵያ በተለምዶ «ደብል መምታት» ይባላል። ልጁን በሁሉም ትምህርት እኩል ስለሚያዘልለው ለአንድ ዓመት ልዩነት ይበቃል፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልዩነት ግን አይበቃም። በንጉሡ ዘመን የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን ይመርጥ ነበር። ይሁንና የሚቀበላቸው በሁለተኛ ደረጃ ማብቂያ ላይ ስለነበር የ7 ዓመት ልጅ ወላጅ ጥያቄ በዚያ አይመለስም።

ለእንዲህ ያለ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት ይልቅ የሚጠቅመው ከርእሰ መምህሩ ጋር መነጋገር ነው፦ ልጁ ለአንድ ትምህርት ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል መሄድ ይችላል ወይ? የትምህርት ቤቱን የመጨረሻ መጽሐፍ ሲጨርስስ ማን ያስተምረዋል? ካልተስማማው ያለ ኀፍረት ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል ወይ?