የጠባሳ እርግዝና እና ሕክምናው

በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ፅንሱ አልፎ አልፎ የድሮው ስፌት ላይ ያርፋል። ይህ የጠባሳ እርግዝና ይባላል። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከ2,000 ገደማ እርግዝናዎች በአንዱ እንደሚያጋጥም ይገመታል። ስፌቱ ስስ ስለሆነ ፅንሱ ሲያድግ ማህፀን ሊቀደድ፣ እንግዴ ልጁም ጡንቻው ውስጥ ዘልቆ ሊጣበቅ ይችላል። ጥቂት ደም የምታይ አለች፤ ምንም የማይሰማትም አለች።

ሕክምናውን ከምንም በላይ የሚወስነው የእርግዝናው ሳምንት ነው። በጊዜ ከታወቀ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት በቀጥታ ፅንሱ ያረፈበት ከረጢት ውስጥ ይወጋል። ክንድ ወይም ዳሌ ላይ ብቻ የሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሌላው መንገድ በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመምጠጫ ማውጣት ነው። በደፈናው መጥረግ ግን አደገኛ ነው፤ ጠባሳ እንደ ጡንቻ ተኮማትሮ ደም አያቆምም። በቀዶ ጥገና ጠባሳውን ከነፅንሱ ቆርጦ እንደገና መስፋትም ይቻላል፤ ማህፀኑ ይተርፋል። ደሙ አልቆም ካለ ማህፀኑን ማውጣት ግድ ይሆናል።

መርፌው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የእርግዝናው ሆርሞን ከደም እስኪጠፋ ለሳምንታት መመላለስን፣ ፎሊክ አሲድ መተውን፣ ቢያንስ ለ3 ወር አለማርገዝን ይጠይቃል። ለምሳሌ ለሕክምናው ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር የምትሄድ እናት ደባርቅ ለመድረስ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ትወጣለች፤ ከዚያ እስከ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራታል። በመሃል ደም ቢፈሳት መንገዱ አይታገሳትም። ጎንደር የሚያስጠጋት ዘመድ ለሌላት ሴት በአንድ ጊዜ የሚያልቀው ሕክምና ይሻላል።

እርግዝናው ይቀጥል የሚሉ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ባለሙያዎች አይመክሩትም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ እርግዝናን ማቋረጥ ይፈቅዳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ 2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ገደማ ወሊዶች በኦፕራሲዮን እንደነበሩ ያሳያል። ኦፕራሲዮን ወደ ገጠር ሲቀርብ ብዙ እናቶችን ያተርፋል፤ ባለ ጠባሳዋም ትበዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር የሚመክረው አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት ይደረግ የሚል ነው፤ ለዚህች እናት ግን ያ እጅግ ይዘገያል። በኦፕራሲዮን የወለድሽ እህት፣ ከመጨረሻው የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ታዪ፤ ጤና ጣቢያ ስትገቢም አስቀድመሽ ጠባሳ እንዳለብሽ ተናገሪ።