ለሦስት ዓመት መጥተው ስድሳ አንድ ዓመት የቆዩት ወዳጃችን

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በሆስፒታላቸው ቅጥር ግቢ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ ገና አምስተኛ ቀኑ ነበር። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሰው እጅ መጨባበጥ የፈራበት፣ ሁሉም ስለ ራሱ ነፍስ የሚጨነቅበት ሰሞን ነበርና የሚገባቸውን ያህል አልተለቀሰላቸውም እላለሁ። ይህን የምጽፈውም ያንን ዕዳ በጥቂቱ ለመክፈል ነው። ወዳጄ የምላቸው በግል አውቃቸው ስለ ነበር አይደለም፤ አገሬን እንዲህ ለወደደ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ስለሌለኝ ነው።

ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከእርሳቸው በፊት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ጸሐይ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው ከድል በኋላ ተመለሱ። ልጅ አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ወረዱ፤ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ ያውም የሠለጠኑ ነርስ፣ ከምጥ ካልተረፉ የገበሬው ልጅ ዕጣ ምን ይሆን ነበር? የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በልዕልቷ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በአገራቸው ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ሆስፒታሉም አዲስ አበባ ላይ ቆመ።

መንግሥታችን በዚያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ሐኪም ሲፈልግ በላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ። ይህን አንብበው ነው ካትሪን ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ከትንሽ ልጃቸው ጋር በ1951 ዓ.ም. የመጡት። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ትምህርት ቤቱን ግን ጥቂት አዋላጆች እንዳስመረቀ መንግሥት ራሱ ዘጋው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባልና ሚስቱ ፊስቱላን በዓይናቸው ያዩት እዚህ ነው። በበለጸጉት አገሮች በሽታው ከመጻሕፍት በቀር የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ምጥ ቀናት ሲፈጅና የሚያግዝ ሲጠፋ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞታል፤ በሽንት ፊኛና በማሕፀን በር መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፤ እናት ሽንቷን መቆጣጠር ሳትችል ትቀራለች። ባል ይፈታል፤ ጎረቤት ይሸሻል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ገንፎ የሚገነፋላት ሴት በቤቱ ጓሮ ለብቻዋ ትደበቃለች።

ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በያለዕድሜ ጋብቻ ላይ ይጥላሉ። ጋብቻው ጉዳት እንዳለው አልክድም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቀድ ነበር፤ ወደ 18 ከፍ ያለው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ነገር ግን ለአካለ መጠን የደረሰችውም ሴት ምጥ ሲጸናባት ከሐኪም ዘንድ ካልደረሰች ያው ነው። በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚደርስበት ስፍራ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን የሚያስኬድ አገር ነው ያለን። መንገድ አለመኖሩ፣ አዋላጅ አለመኖሩ፣ ልጃገረዷ በልጅነቷ ጠግባ ሳትበላ ማደጓ፣ እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራዎች እንጂ የባህል ጣጣ ብቻ አይደሉም።

ሐምሊኖች ሦስቱ ዓመት ሲያልቅ አልሄዱም። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ዙፋኑ በወደቀበት ዓመት ተመሠረተ። አብዮቱ ሲፋፋም የውጭ ሰው ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር፤ እነርሱ ግን አሥራ ሰባቱን የደርግ ዓመታት ከበሽተኞቻቸው ጋር አሳለፉ። ሕክምናው በነፃ ነበር፤ ዘርና ሃይማኖት አይጠየቅበትም። ድና የምትሄደው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች። በእምነታቸው ጽኑ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ስብከታቸው ግን በመርፌና በክር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የማሚቱ ጋሼ ነገር ነው። ማሚቱ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ ከገጠር በሽተኛ ሆነው መጡ። ከታከሙ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያም በቀዶ ሕክምናው ክፍል ማገዝ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ማከም። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደን ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሲሸልም ከሁለቱ ሐምሊኖች ጎን ማሚቱ ነበሩ። «ያልተማረ ሕዝብ» እያልን የምንንቀው ሕዝብ ውስጥ ስንት ማሚቱ ተቀብሮ እንደ ቀረ እግዜር ይወቀው።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ሲሞቱ ካትሪን ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ጡረታ ወጥቶ ወደ አውስትራሊያ ለመመለስ የሚበቃ ዕድሜ ነው። ልጃቸውን ያሳደጉበትን፣ ባላቸውን ያጡበትን ከተማ አልለቀቁም። ከዚያ ወዲያ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋዓለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ፈጽሞ ሊድኑ ላልቻሉት ደግሞ ደስታ መንደር ተቋቋመ። እስከ ሕልፈታቸው ድረስ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል።

ሦስቱም ሥርዓቶች፣ ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ኢሕአዴግም፣ በዚህች ሴት ሥራ ተጠቅመዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። መልካም ነው። ነገር ግን የልዕልት ጸሐይ ሆስፒታል፣ በወሊድ ለሞቱት ሴት መታሰቢያ የቆመው፣ በደርግ ዘመን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። እናቶችን ለማዋለድ የታሰበውን ቤት ወታደሩ ወረሰው፤ ስሙም አብሮ ጠፋ። እኔ ይህን እንደ ቀላል የስም ለውጥ አላየውም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ካትሪን ቀዳዳ እየሰፉ ብቻ መኖር ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህም በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ልጃገረዶች ከየገጠሩ ተመልምለው በዲግሪ ይመረቃሉ፤ ወደ መጡበት አካባቢም ተመልሰው ያዋልዳሉ። በ1951 ዓ.ም. የተጠሩበት ሥራ ይኸው ነበር፤ ሊጀምሩት አርባ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው።