ሟች ተቆጠረ፤ ቤቱስ?

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው፤ ስንት ሰው አለቀ? የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ይላል። የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከረጅም ጥናት በኋላ ቁጥሩን ወደ 19,000 ገደማ ያደርሰዋል። በዚህ መሀል አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ያልፋል። ስንት ቤት ነደደ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሲያስከፋፍል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወታደሮቹ ግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኮሱ። ከዚያ የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ አለቃ ጊዶ ኮርቴዜ ጥቁር ሸሚዞችን በከተማው ላይ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ተሰጣቸው።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያድረው በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ሣር በተከደነ ጎጆ ነው። የካቲት በጋ ነው፤ ሣሩ ደርቋል። ቤንዚን ይረጫል፣ ክብሪት ይጫራል፣ አለቀ። በር ተዘግቶባቸው ከነልጆቻቸው የነደዱ አሉ። ከእሳቱ ሮጦ የወጣውን ደግሞ ውጭ ጥይት ይጠብቀዋል። ይህን ካዩት አንዱ ሃንጋሪያዊው ሐኪም ላዲስላስ ሳቫ ነው። ሌላው ጣሊያናዊው ጋዜጠኛ ቺሮ ፖጃሊ ነው፤ ያየውን የመዘገበበት የግል ማስታወሻው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

“የተናደዱ ሰዎች ከቁጥጥር ወጥተው ያደረጉት ነው” የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። ይህን ያፈረሰው ግን ራሱ ግራዚያኒ ነው። በዚያው ሰሞን በላከው ቴሌግራም፣ መሣሪያ የተገኘበት ሰው እንዲረሸንና ቤቱም እንዲቃጠል ማዘዙን ገልጿል። አንድ ሺህ ያህል ሰው ተረሽኖ ያንኑ የሚጠጋ ጎጆ መቃጠሉንም ጽፏል። ቁጥሩ ከምስክሮቹ ቃል ጋር አይገጥምም። ትእዛዝ መኖሩን ግን ሹሙ በራሱ ቃል አምኗል።

ለምን ቤት? ቤት ግድግዳ ብቻ ስላልሆነ ነው። የዓመቱ እህል እዚያ ነው፤ የውል ወረቀቱ፣ የአያት ዳዊት፣ የልጅ መኝታ እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ጎረቤት እዚያ ነው። “እገሌ ከትናንት ወዲያ አልታየም” የሚለው ጎረቤት ነው። ሰፈር ሲነድ ጎረቤት ይበተናል፤ ጎረቤት ሲበተን ምስክር ይበተናል። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ የሚያከራክርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆጣሪውም አብሮ ነደደ።

ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበችው የካሳ ጥያቄ፣ በወረራው ዘመን በመላ አገሪቱ 525,000 ቤቶችና 2,000 አብያተ ክርስቲያናት መውደማቸውን አስታውቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። በኋላ ከተከፈለው ካሳ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ግድቡ የአገር ሀብት ነው፤ ጎጆው ለነደደበት ሰው ግን ጎጆ አይሆንም። ግራዚያኒም በአዲስ አበባ ለተሠራው ግፍ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። የአገሩ ፍርድ ቤት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነው፤ ብዙም ሳይታሰር ተፈታ።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተራምዷል። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ወራሪ ኃይል የግለሰብ ንብረት እንዳያወድም ይከለክላል፤ የ1998ቱ የሮም ድንጋጌ ወታደራዊ አስገዳጅነት የሌለውን መጠነ ሰፊ ውድመት የጦር ወንጀል ይለዋል። ቤትን በጅምላ ማውደም ግን ራሱን የቻለ ስም ያለው ወንጀል አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤት መብት ልዩ ራፖርተር እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ ይስተካከል ብለው ጠይቀዋል።

ነገሩ የጣሊያን ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር መኖሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። ባለቤቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። የማን ቤት ነበር? የት? በየትኛው ቀን? ማን አቃጠለው? ይህን ለመመዝገብ ጎረቤት ገና አልጠፋም። ዛሬ ያልተጻፈ ቤት ከሰማንያ ዓመት በኋላ ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀራል።